አረንጓዴ ያልሆነው የሽሮ ሜዳ ዛፍ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ዓይን የሚይዘው በየሱቁ በራፍ የተንጠለጠለው ነጠላና ቀሚስ ነው። ከጥለቱ ቀና ብሎ ባሕር ዛፉን የሚያይ ጥቂት ነው፤ ሠዓሊም ቢሆን። ለእኛ ባሕር ዛፍ ማገዶና አጠና ነው፤ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በሚወርዱት ሴቶች ጀርባ ላይ የምናየው ሸክም። ዛፍ ሣል ቢባል ብዙው ሰው እጁ ወደ ዋርካ ይሄዳል። እኔ ግን ለዘይት ቀለም ያረጀ ባሕር ዛፍን የሚያህል የለም ባይ ነኝ።

ያረጀውን ማግኘት ነው ችግሩ። አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን ሲገባ፣ የአካባቢው ጽድ ተመናምኖ ከተማዋ ማገዶ አጥሯት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰዋል። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ዕድሜ አይሰጡትም። ወፍሮ ለማርጀት የሚበቃው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም በአንድ ግቢ ውስጥ መጥረቢያ የረሳው ነው።

የዘይት ቀለም ራሱም ለአገሩ አዲስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ የጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል፤ በዘይት መሣል የሰፋው ግን ፓሪስ ተምሮ እንደተመለሰው አገኘሁ እንግዳ ባሉ ሠዓሊዎች፣ በኋላም አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. በከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ቀለሙን የሚያያይዘው ዘይት ግን ባዳ አይደለም፦ በጾም በጥብጠን ከምንጠጣው ከተልባ የሚጨመቅ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ሠዓሊው የዛሬውን ስህተት ነገ ፍቆ ማንሳት የሚችለው ለዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በአኳራጅ በቀጠነ ቀለም፣ ከጨለማው ክፍል ነው። ዘይት የበዛበት ወፍራም ቀለም ከላይ ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከላይ ያለው ቀድሞ ይደርቅና ከሥሩ ያለው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

አረንጓዴውን ቱቦ ግን ከመነሻው ዘግቶ ማስቀመጥ ይሻላል። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ሰማያዊ አመድማ ነው፤ ሲጎለምስ ማጭድ መስሎ ቁልቁል ይንጠለጠላልና ብርሃኑን ያሳልፈዋል። ጥላው ስስ የሆነው ለዚህ ነው። ኡልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊ ከኦከር ቢጫና ከነጭ ጋር ቢቀላቅሉት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ግንዱ ከዚህም ይብሳል። ቅርፊቱ በረጃጅሙ እየተላጠ ሲወርድ ከሥሩ ክሬም፣ ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ ሮዝ የሚያደላ ቆዳ ይወጣል፤ ግንዱን በቡናማ ብቻ የሞላ ሰው ዛፉን አላየውም። ቅጠል መቁጠር አያስፈልግም። በቅጠሉ መካከል የሚታዩት የሰማይ ቀዳዳዎች ግን ከሰፊው ሰማይ ትንሽ ጠቆር ማለት አለባቸው፤ ያለዚያ ነጭ ነጠብጣብ መስለው ከሸራው ይዘላሉ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። እዚህ ፀሐይ ፈጥና አናት ላይ ትወጣለች፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ እግር ሥር ይሰበሰብና ግንዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ሠርቶ መነሳትና በማግስቱ በዚያው ሰዓት መመለስ ነው። ሥዕሉ አልቆ፣ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም፣ ቫርኒሽ ከመቀባት በፊት እስከ ስድስት ወር ማቆየት የተለመደ ነው። ወፍራም የተቀባና ክረምቱ የደረሰበት ከሆነ ከዚያም ይረዝማል፤ ገዢው ቢቸኩልም።