የቆሻሻ ክምር ፍሳሽ በበጋና በክረምት

በከተማ ዳር የተከመረ ቆሻሻ ዝናብ ሲመታው፣ ውሃው በክምሩ ውስጥ እየሰረገ ያልፍና ከግርጌው ጠቆር ያለ፣ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። ባለሙያዎች ሊቼት ይሉታል፤ እዚህ ላይ የክምር ፍሳሽ ብንለው ይበቃል። በውስጡ ከምግብ ትራፊ መበስበስ የሚመጡ አሲዶች፣ አሞኒያ፣ ልዩ ልዩ ጨዎችና ከባትሪ፣ ከቆርቆሮ የሚሟሙ ብረታ ብረቶች ይገኛሉ።

ይህ ፍሳሽ የሚከፋው በበጋ ነው ወይስ በክረምት? መልሱ በምንለካው ነገር ይወሰናል።

ቡናን እናስታውስ። አቦሉ ወፍራም ነው፤ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ሲጨመር ቶናው ይቀጥናል፤ በረካው ደግሞ ከቶናውም ይቀጥናል። የክምር ፍሳሽም እንዲሁ ነው። በበጋ በክምሩ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ጥቂት ነው፤ ከቆሻሻው ጋር ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ከፊሉም ይተናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው በካይ ነገር ይበዛል። በክረምት ግን የዝናቡ ብዛት ያቀጥነዋል።

ታዲያ በነሐሴ ናሙና ወስዶ «ብክለቱ ቀንሷል» የሚል ሰው ሒሳቡን በግማሽ ትቶታል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በበጋ በቀን 2,000 ሊትር ፍሳሽ ይወጣል፣ በአንዱ ሊትር ውስጥም 1 ግራም አሞኒያ አለ እንበል፤ በጠቅላላው 2 ኪሎ ግራም ይሆናል። በክረምት 20,000 ሊትር ወጥቶ በሊትር 0.3 ግራም ብቻ ቢኖረው፣ ጠቅላላው 6 ኪሎ ግራም ነው። ፍሳሹ ቀጠነ፤ ወደ ወንዝ የሚገባው አሞኒያ ግን ሦስት እጥፍ ሆነ።

አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ የጀመረው የረጲ ቆሻሻ መጣያ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፣ ሲጀመር ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍ አልተደረገለትም። ስለዚህ ፍሳሹ ወደ አፈሩና ወደ ትንሹ አቃቂ ተፋሰስ ይወርዳል። ክምሩ እንደ ስፖንጅ ውሃ ስለሚይዝ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም መንጠባጠቡ ይቀጥላል።

በጋውም ቢሆን አያጽናናም። ወንዙ የሚጎድለው፣ የአትክልት ገበሬውም ለጎመኑና ለሰላጣው ውሃውን የሚጠልፈው ያን ጊዜ ነው። ጥቂቱ ወፍራም ፍሳሽ የሚቀላቀልበት በቂ ውሃ አያገኝም።

የክምሩ ዕድሜም ለውጥ ያመጣል። አዲስ ቆሻሻ አሲድ ይበዛበታል፤ ሲያረጅ ባክቴሪያዎች አሲዱን ወደ ሜቴን ጋዝ ይለውጡታል፤ አሞኒያው ግን ለብዙ ዓመታት አይለቅም።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት የተፈላ ቡና አተላ ይበቃል። እኩል አተላ በሁለት ማጥለያ ጨርቆች ላይ አድርጉ። በአንዱ ላይ 1 ብርጭቆ፣ በሌላው ላይ 5 ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ የወረደውን በየዕቃው ተቀብላችሁ ቀለሙን አስተያዩ። ከዚያም ሁለቱንም እስኪደርቁ አትንኑና ዝቃጫቸውን መዝኑ። እውነተኛውን የክምር ፍሳሽ ግን ተማሪዎች እንዲቀዱ መላክ አይገባም፤ ጀርምም መርዝም አለበት።