ዘሩ የገበሬው፣ መለኪያው የገዢው

የቢራ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የጎንደር ጠጪ ፋብሪካውን ያማርራል። የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ደግሞ ቢራው ሲወደድ የብቅል ገብሱ ዋጋ ለምን አብሮ እንዳልወጣ ይጠይቃል። የገበሬው ምሬት ግን በዋጋ አያበቃም። ውል የገባለት ገዢ ገብሱን ሲመልስበት ወደ ሌላ ይዞት ይሄዳል፤ ሌላውም ይህን ዝርያ አንወስድም ይለዋል። ያን ጊዜ የቀረው መንገድ የእህል በረንዳ ብቻ ነው።

ለዚህ ሁሉ አንድ ቀላል ማብራሪያ ሲሰጥ እሰማለሁ። ዘሩን ያመጣው ፋብሪካ ስለሆነ ባለቤቱም እሱ ነው፣ ገበሬው ለሌላ እንዳይሸጥ ሕግ ከልክሎታል ይባላል። ማብራሪያው ከጤፍ ታሪካችን የወጣ ይመስለኛል። የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት በ1997 ዓ.ም. ከሆላንዱ ኩባንያ ኤችፒኤፍአይ ጋር በጤፍ ላይ ስምምነት ተፈራርመው ነበር። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ የጤፍ ዱቄት ፓተንቱ ግን በዚያው ኩባንያ ሰዎች ወደሚመራ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ውድቅ እስኪያደርገው ድረስም ቆየ። አገራችን ከዚያ ስምምነት በገንዘብ ያገኘችው 4 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ብቸኛ መብት በተባለ ቁጥር ዓይናችን ወደ ወረቀት ይሮጣል። ለጤፍ ትክክል ነበር። ወደ ደጋው ገብስ ሲመጣ ግን የተሳሳተ በር ላይ መቆም ነው።

ገብስ በራሱ ብናኝ የሚራባ ሰብል ነው። ዲቃላ በቆሎ በሁለተኛው ዓመት ምርቱ ይወርዳል፤ ገብስ ግን ካልተቀላቀለ በስተቀር ከጎተራ ወጥቶ ሲዘራ ያው ዝርያ ነው። የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 1068ም ቢሆን አነስተኛ ገበሬ ከማሳው ያገኘውን ዘር አስቀምጦ እንዳይዘራ አይከለክለውም። በተፈጥሮም በሕግም ዘሩ በገበሬው እጅ ነው። ቁልፉን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ቁልፉ ያለው ብቅል ፋብሪካው ውስጥ፣ መዘፍዘፊያው ላይ ነው። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ የተለያየ ገብስ አንድ ላይ ከተዘፈዘፈ አንዱ ቀድሞ ሥር ያወጣል፣ ሌላው ገና ደረቅ ነው። በቤት ውስጥ ብቅል ይህ ብዙም ጉዳት የለውም። ፋብሪካ ላይ ግን ኪሳራ ነው። ዝርያዎች ውኃ የሚጠጡበት ፍጥነትና የሚበቅሉበት ጊዜ ይለያያል። በደንብ ያልበቀለ ፍሬ ስታርቹን ለጠማቂው አይለቅም፤ ከልክ በላይ የበቀለውም ለቢራ የሚሆነውን ስኳር ለራሱ ዕድገት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ብቅል ፋብሪካ አንዱን ዙር በአንድ ዝርያ መሙላት ይፈልጋል። የሚፈልገውም ራሱ ያከፋፈለውን፣ ጠባዩን የሚያውቀውን፣ በብዛት የሚመጣለትን ነው። የሌላ ገዢ ዝርያ ከየገበሬው አሥር አሥር ኩንታል ሆኖ ቢቀርብለት ዙር አይሞላለትም። ወይ ይመልሰዋል፣ ወይ በምግብ ገብስ ዋጋ ይወስደዋል። ገበሬው በሰኔ ዘር ሲቀበል የታኅሣሥ ገዢውንም አብሮ መቀበሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ በየትኛውም ውል ላይ መጻፍ አያስፈልገውም።

ለምሳሌ ሄኒከን የበደሌና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎችን በ2003 ዓ.ም. ከገዛ በኋላ ትራቬለርና ግሬስ የተባሉ የአውሮፓ ዝርያዎችን በአርሲ ገበሬዎች ዘንድ አስፋፍቷል። ለአሥርት ዓመታት ሲዘራ ከኖረው ሆልከር የተሻለ ምርት ስለሚሰጡ ገበሬው ተቀብሏቸዋል። ገዢ የራሱን ዝርያ የሚያከፋፍልበት አሠራር ክፉ ነው አልልም። ምርቱ ተመልሶ ወደ እሱ እንደሚመጣ ዋስትና የሌለው ገዢ ዘር ለማባዛት ገንዘቡን አያወጣም። ጉዳቱ የሚጀምረው ገዢው አንድ ሆኖ መለኪያውም የእሱ ብቻ ሲሆን ነው።

ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ ያለፈ ገብስ ለብቅል አይመረጥም። ገበሬው ምርት ፈልጎ ዩሪያ ሲጨምር ፕሮቲኑም ይወጣል። በበሬ የተወቃ ፍሬ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተሰነጠቀ በደንብ አይበቅልም። እርጥበቱ፣ የፍሬው ውፍረት፣ የመብቀል አቅሙ፣ ሁሉም የሚለካው በገዢው ግቢ፣ በገዢው መሣሪያ፣ በገዢው ሠራተኛ ነው። ሁለት ገዢ ባለበት አገር ሻጭ ሌላ ዘንድ ወስዶ ያስለካል፤ ይህ ብቻውን መለኪያውን ሐቀኛ ያደርገዋል። እኔ ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው፦ በጥራት የሚከፈልበት ገበያ ላይ ዋጋውን የሚወስነው መለኪያውን የያዘው ወገን ነው። የግብርና ሪፖርቶች ስንት ሄክታር በክላስተር እንደተዘራና በሄክታር ስንት ኩንታል እንደተገኘ ይነግሩናል። ከበር የተመለሰውን ኩንታል ግን ቆጥሮ የሚያቀርብ ሪፖርት አላየሁም። እሱ እስካልተቆጠረ ድረስ የብቅል ገብስ ልማቱ ተሳክቷል የሚለውን አልቀበልም።

በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የአገር ውስጥ ግብዓት በብዛት የሚጠቀም ቢራ ዝቅ ያለ የኤክሳይዝ ታክስ ይከፍላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላም ከውጭ የሚመጣ ብቅል በብር እጅግ ተወዷል። በሁለቱም ምክንያት የወገራ ገብስ ተፈላጊነት መጨመር አለበት፤ ብዙ ተንታኝም እዚህ ላይ ቆሞ ገበሬው ይጠቀማል ይላል። ፍላጎት ወደ ገበሬው ኪስ የሚደርሰው ግን ገዢዎች ለአንድ ዓይነት ገብስ ሲሻሙ ብቻ ነው። በዝርያ የተከፋፈለ ገበያ ሽሚያውን ያስቀረዋል። በደብረ ብርሃንና በቦሌ ለሚ ትልልቅ ብቅል ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ በመንገድ ጸጥታ ችግር ግን ከዚያ ተነስቶ ደባርቅ ድረስ ገብስ ሊገዛ የሚመጣ ማግኘት ከባድ ነው። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ገበሬው ወደ ምግብ ገብስና ወደ ድንች ይመለሳል፣ ፋብሪካው ግብዓት አጠረኝ ይላል፣ ውል አፍራሽ የሚባለው ግን ገበሬው ነው።

የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ውሉን ሥርዓት ለማስያዝ ጥሩ መነሻ ነው። ለደጋው ገብስ ግን ልኬቱን የሚዳኝ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል። የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል የመብቀል አቅምንና ፕሮቲንን መለካት የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። የአካባቢው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ፀሐይ ዩኒየንም ናሙናው ለሦስት ተከፍሎ አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ለገበሬው፣ አንዱ ለማዕከሉ እንዲሆን በውሉ ላይ ማስፈር ይችላል። እንደ ኢቦን 174/03 ያሉ በመንግሥት ምርምር የወጡ፣ የማንም ገዢ ያልሆኑ ዝርያዎችም በስፋት ቢባዙ ገበሬው ሁለተኛ በር ያገኛል። የዩኒየኑ አመራሮችና የአካባቢው ዞኖች ግብርና መምሪያዎች የመጪው ሰኔ ዘር ከመከፋፈሉ በፊት ይህን በውሉ ላይ አስጽፉ፤ ዘሩ ማሳ ከገባ በኋላ የመደራደር አቅም አይኖራችሁም።