የመቀሌ ጅብ ምን ይበላል?

ዐቢይ ጾም ሲገባ መቀሌ ውስጥ ቀድሞ ገበያው የሚቀዘቅዝበት ባለ ሥጋ ቤቱ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመኑ ለ55 ቀን ከሥጋና ከወተት ሲታቀብ እርዱ ይቀንሳል፤ ለወትሮው በየቆሻሻ መጣያው የሚወድቀው አጥንትና አንጀትም አብሮ ይመናመናል። ታዲያ በዚህ የሚቸገር አንድ ሳይጾም የሚጾም ጎረቤት አለ፤ ጅብ።

ጅብ የሞተ ለቃሚ ብቻ ነው የሚባለው ስም ማጥፋት ነው። በታንዛኒያው ሰረንጌቲ ሜዳ ነጠብጣሙ ጅብ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ራሱ እያደነ ነው። ትግራይ ውስጥ ግን ትልልቆቹ የዱር እንስሳት ከብዙ ቦታ ጠፍተዋል። ስለዚህ ጅቡ ፊቱን ወደ ሰው አዞረ። ቀን በዋሻና በቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲጨልም የከተማውን ዳር ይዞ ቆሻሻ ያስሳል፣ የተጣለ ጥንብ ይፈልጋል፣ ሲመቸው ደግሞ ውጭ ያደረ ከብት ይጥላል። እንደ ሐረር ጅብ በእጁ ሥጋ የሚያጎርሰው ሰው የለውም፤ የሚበላውን የሚወስንለት ግን እዚህም ሰው ነው።

አበላሉን ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። መንጋጋው የበሬ ጭን አጥንት ሰብሮ መቅኑን ያወጣል፤ አጥንቱንም ይውጠዋል። የጨጓራው አሲድ ኃይለኛ በመሆኑ አጥንቱ ይሟሟል፤ ከአጥንቱ የተረፈው ካልሲየም ነው ዓይነ ምድሩን ሲደርቅ ኖራ የሚያስመስለው። የማያሸንፈው ፀጉር፣ ሰኮናና ቀንድ ነው። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ተረት፣ ሥነ ሕይወት ያልተማሩ ሰዎች ጅብን ምን ያህል አስተውለው እንደኖሩ ያሳያል። ከዋጠው ፀጉር ከፊሉን መልሶ ይተፋዋል፤ ከፊሉ ሳይፈጭ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል።

ለተመራማሪ ይህ ፀጉር ማስረጃ ነው። የእያንዳንዱ እንስሳ ፀጉር ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የራሱ ንድፍ አለው፤ የፍየሉን ከአህያው መለየት ይቻላል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ 553 የጅብ ዓይነ ምድር መርምረው፣ ጾሙ የጅቡን ገበታ እንዴት እንደሚለውጥ በ2012 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አሳተሙ። ከጾሙ በፊት የአህያ ድርሻ 14.8 በመቶ ነበር። በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 በመቶ አሻቀበ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። የሥጋ ቤቱ ትርፍራፊ ሲጎድልበት ጅቡ አህያ እያደነ ያካክሳል ማለት ነው።

እርግጥ ፀጉር አህያው ተገድሎ ይሁን ሞቶ ተጥሎ አይናገርም። ሥጋውን ሰው ስለማይበላው የሞተ አህያ የትም ይጣላል፤ ጅብም አይምረውም። ሆኖም አህዮች በጾም ወቅት ብቻ እጥፍ ይሞታሉ ብሎ ማሰብ ስለሚያስቸግር፣ የተመራማሪዎቹን ድምዳሜ እኔም እቀበለዋለሁ።

ጉዳቱን ብቻ ቆጥሮ መተው ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ2021 (አሁንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣ ሌላ ጥናት የመቀሌንና የአካባቢዋን ጅቦች 210 ያህል ገምቶ፣ በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ሥጋ እንደሚያነሡ አስልቷል። ይህ ከሚጣለው ጥንብና ተረፈ ሥጋ ጠቅላላ 4.2 በመቶ ብቻ ነው። ነገር ግን ጥንቡ ሜዳ ላይ ቢቀር አባሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያዛምት ይችላል። በጥናቱ ግምት ጅቦቹ በዓመት 5 ሰዎችንና 140 ከብት፣ በግና ፍየል ከእነዚህ በሽታዎች ይታደጋሉ፤ በገንዘብ ሲተመን ከ52 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው። ጅቡ ይህን ሥራ የሚሠራው ደመወዝ ሳይጠይቅ ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው አህያው የተበላበት ሰው ብቻ መሆኑ ግን ፍትሐዊ አይደለም።

ስለዚህ አህያ ያላችሁ፣ በተለይ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ማታ ማታ ከግቢ ውጭ አታሳድሯት። አጥሩንም ከጾሙ በፊት አጥብቁት።