እንግዴ ልጅ ውስጥ ደም ለምን አይረጋም?

ደም ከደም ሥር ከወጣ ይረጋል፤ ጣታችን ሲቆረጥ የሚያተርፈንም ይኸው ነው። እንግዴ ልጅ ውስጥ ግን የእናትየው ደም ከሥሩ ወጥቶ በክፍት ቦታ ይፈስሳል፤ ወሯ በገባ እናት በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል! የፅንሱን ደም ሥሮች የያዙት ጥቃቅን ቅርንጫፎች እዚያ ደም ውስጥ ተነክረው ኦክስጅንና ምግብ ይቀበላሉ። ታዲያ እንዴት ሳይረጋ ቀረ?

ቅርንጫፎቹን የሸፈነው ስስ ሽፋን ትሮምቦሞዱሊን የሚባል ፕሮቲን አለው። እሱ በደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ሲ እንዲነቃ ያግዛል፤ የነቃው ፕሮቲን ሲ ደግሞ ደም ከሚያረጉት አንዱን፣ ፋክተር ፋይቭን፣ ቆራርጦ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል።

በዘር የሚወረስ አንድ ችግር የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በፋክተር ፋይቭ ዘረመል ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ አገኙ። ለውጡ ያረፈው ልክ ፕሮቲን ሲ በሚቆርጥበት ቦታ ስለሆነ፣ ፋክተር ፋይቭ ላይደን የተባለው ይህ የተለወጠ ፕሮቲን ቶሎ እጅ አይሰጥም። ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ከ100 አምስት ያህሉ ለውጡን ይሸከማሉ፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ ነው።

እንግዲያው ለውጡን የሚሸከሙ እናቶች እንግዴ ልጅ በረጋ ደም መሞላት ነበረበት፣ አይደል? ብዙውን ጊዜ ግን አይሞላም። እስቲ ከፓቶሎጂስቱ ጠረጴዛ አጠገብ እንቁም። እንግዴ ልጁ ሲሰነጠቅ ጤናማው ሥጋ ቀይና እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው። የእናት ደም የተቋረጠበት ቦታ ግን እየቆየ ይገረጣል፣ ይጠጥራል። በፅንሱ በኩል ያለ ደም ሥር ሲዘጋ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያሉት ቅርንጫፎች ደም አልባ ሆነው ይቀራሉ።

የሚገርመው፣ ጠጠር ያሉ ትንንሽ ቦታዎች ጤናማ ልጅ በወለዱ እናቶችም እንግዴ ልጅ ጠርዝ ላይ ይገኛሉ! እንግዴ ልጅ ትርፍ አቅም ስላለው ጥቂት ቢጎዳበት ይችለዋል። ብዙ ቦታ ወይም መሀሉ ሲጎዳ ነው የሚያሰጋው።

መድኃኒቱም ተፈትኗል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን፣ ደም ቶሎ እንዲረጋ የሚያደርግ ውርስ ኖሯቸው ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ላስወረዳቸው ሴቶች ተሰጠ። አላይፍ 2 የተባለው ጥናት ውጤት በ2023 ሲወጣ፣ መርፌውን ከወሰዱት ከ100 72ቱ፣ ካልወሰዱት 71ዱ በሕይወት ያለ ልጅ ወልደዋል። ስለዚህ ሐኪም ለእንዲህ ያለች ነፍሰ ጡር ሄፓሪን ሲያዝ፣ ብዙውን ጊዜ ከረጋ ደም የሚጠብቀው የራሷን እግርና ሳንባ ነው።