አንደኛ የወጣው ሁሉ መድኃኒት አይደለም

ሞለኪውላር ዶኪንግ አንድ ትንሽ ሞለኪውል በፕሮቲን ጎድጓዳ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥና ምን ያህል ጠብቆ እንደሚይዝ በኮምፒውተር መገመት ነው። እንደ አውቶዶክ ቪና ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች በኮማንድ ላይን ስለሚታዘዙ፣ አጭር ስክሪፕት የጻፈ ተማሪ ማታ ለኩሶት ተኝቶ ጠዋት የሺህ ሞለኪውሎች ውጤት ያገኛል። ችግሩ የሚጀምረው ጠዋት ነው።

ተረት፦ «ከሺህ ሞለኪውሎች አንደኛ የወጣው መድኃኒት ሊሆን ነው።»

እውነታው፦ ዝርዝር ከተደረደረ አንደኛ የሚወጣ መቼም አይጠፋም። ከሺሁ አንዱም ፕሮቲኑን የማይይዝ ቢሆን እንኳ ኮምፒውተሩ አንዱን አናት ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል እ.ኤ.አ. በ2020 አይተናል። የኮሮና ቫይረስ ዋና ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ቅርጽ 6ኤልዩ7 በሚል መለያ ለሁሉም ክፍት ሲሆን፣ የዶኪንግ ጽሑፍ ከየአገሩ ጎረፈ። የጥቁር አዝሙድ ውህዶች ሳይቀሩ ተሰልተው ተስፋ ተጣለባቸው። ብዙዎቹ ጽሑፎች ከስሌት ያለፈ ሙከራ አልነበራቸውም። እንዲህ ያለ ጥናት ከወረቀት ወደ ዜና ሲሻገር ጥርጣሬው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለበሽተኛው የሚደርሰው ተስፋው ብቻ ነው።

ቁጥሩ ራሱ ምን ያህል ይታመናል? ቪናን በስክሪፕስ የምርምር ተቋም የሠሩት ኦሌግ ትሮትና አርተር ኦልሰን በ2010 ሲያስተዋውቁት፣ የግምቱ ስህተት 2.85 ኪሎካሎሪ በሞል ገደማ መሆኑን አልደበቁም። በክፍል ሙቀት የ1.4 ያህል ልዩነት የመያዝ ኃይልን በ10 እጥፍ ይለውጣል፤ ስለዚህ ስህተቱ ከ100 እጥፍ ያልፋል ማለት ነው። ይህን እያወቁ ከዜሮ በታች 9.2 ያገኘው 8.9 ያገኘውን «በለጠው» ብሎ መጻፍ ምን ይባላል? በዚያ ላይ ትልልቅ ሞለኪውሎች አተማቸው ስለበዛ ብቻ ነጥብ ይሰበስባሉ። ሩቲንን የመሰሉ፣ ስኳር የተያያዘባቸው የዕፅዋት ውህዶች አናት ላይ የሚደጋገሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ያንኑ የኮሮና ኢንዛይም በማገድ በታኅሣሥ 2021 በአሜሪካ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ያገኘው የፓክስሎቪድ ዋና ንጥረ ነገር ኒርማትረልቪር ደግሞ ከኢንዛይሙ ጋር ኬሚካዊ ትስስር ይፈጥራል። የተለመደው የቪና ስሌት እንዲህ ያለውን ትስስር ጭራሽ አይቆጥረውም።

በዶኪንግ ላይ ያለው እምነት ግን ከባዶ አልመጣም። በ2019 ኔቸር ላይ በታተመ ጥናት 138 ሚሊዮን ሞለኪውሎች ዶፓሚን ዲ4 ተቀባይ በተባለ ፕሮቲን ላይ ተሰልተው፣ 549ኙ ተሠርተው በቤተ ሙከራ ተፈተኑ፤ በጣም ጠንካራ የሆኑ አዳዲስ ሞለኪውሎችም ተገኙ። ኮምፒውተሩ እጩ አቀረበ፣ ፍርዱን የሰጠው ቤተ ሙከራው ነው። ጥሩ ነጥብ ካገኙት እንኳ አብዛኞቹ በፈተናው ወድቀዋል።

ተመራቂ ተማሪን «ዶኪንግ ጨምርበት፣ ጽሑፉ ይከብዳል» የሚሉ አማካሪዎች ትዕግሥቴን ይፈታተኑታል። ከማስጨመራቸው በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ከፕሮቲኑ ጋር በክሪስታል የተገኘውን ሞለኪውል አውጥተህ በስሌት መልሰህ አስቀምጠሃል? ከእውነተኛ ቦታው ከ2 አንግስትሮም በላይ ከራቀ ሺሁን ለማስላት መነሣት ከንቱ ነው። ፕሮቲኑን በመያዝ የታወቁትንና የማይይዙትንስ ቀላቅለህ ፕሮግራሙ ይለያቸው እንደሆነ አይተሃል? ይህ ሁሉ ተደርጎም ደረጃው ትክክል ለመሆኑ ዋስትና የለም፤ ቢያንስ ግን ግምቱ መሠረት ይኖረዋል።

ተረት፦ «በኮማንድ ላይን የተሠራ ውጤት የበለጠ ትክክል ነው።»

እውነታው፦ በመስኮትና በአዝራር የሚሠራው ፓይአርኤክስም ውስጥ ለውስጥ የሚያስሮጠው ያንኑ ቪናን ነው። የኮማንድ ላይን ጥቅሙ የፍለጋ ሳጥኑ መሃልና ስፋት፣ የዘፈቀደ ቁጥሩ መነሻና ሌላውም ምርጫ በፋይል ተጽፎ መቅረቱ ነው፤ ሌላ ሰው ሊደግመው ይችላል።

ተረት፦ «ስክሪፕቱ ሳይቆም ከጨረሰ ሁሉም ልክ ነው።»

እውነታው፦ ሞለኪውልን በፊደላት ከሚገልጸው የስማይልስ ጽሑፍ ኦፕን ባቤል በተባለ ፕሮግራም ሲቀየር፣ ሦስት ገጽታ ያለው ቅርጽ የሚያወጣው የጄን3ዲ ትዕዛዝ ከተረሳ ሞለኪውሉ ትክክለኛ ቅርጽ አያገኝም። ቪና የሚያዞረው መዞር የሚችሉትን ትስስሮች ብቻ ስለሆነ የተበላሸውን ቀለበት አያቃናም። ከማስላት በፊት ጥቂት ፋይሎችን ከፍቶ በዓይን ማየት ግድ ነው።

ተረት፦ «ሳጥኑን ማስፋት አይጎዳም።»

እውነታው፦ ይጎዳል። ከ27,000 ኩቢክ አንግስትሮም ሲያልፍ ቪና ራሱ ያስጠነቅቃል። ፍለጋው ይሳሳል፤ ሳይነካ በ8 የሚተወው የፍለጋ ጥልቀትም አይበቃም።

ተረት፦ «ቤተ ሙከራ ስለሌለን ስሌቱ ይበቃል።»

እውነታው፦ መፈተኛ ማጣት ያልተፈተነውን የተፈተነ አያደርገውም። ግምትን ግምት ብሎ ማሳተም፣ ፋይሎቹንም ከነትዕዛዞቹ ለሁሉም መልቀቅ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ መፈተኛ ያለው ሰው ከዚያ ይቀጥላል።