እግራችን ለምን ይዝላል?

ዳገት ስንወጣ እግራችን የሚዝለው ለምንድን ነው? በጡንቻ ሕዋሳት ሽፋን ላይ በዓይን የማይታዩ ፓምፖች አሉ። ዴንማርካዊው ሳይንቲስት የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳወቃቸው እነዚህ ፓምፖች በአንድ ዙር 3 የሶዲየም አዮኖችን አስወጥተው 2 የፖታሲየም አዮኖችን ያስገባሉ። ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ፖታሲየም ከሕዋሱ ይወጣል። ፓምፖቹ ቶሎ መልሰው ማስገባት ሲያቅታቸው ጡንቻው ጉልበት ያንሰዋል፤ የድካሙ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አዘውትሮ ስፖርት መሥራት የፓምፖቹን ቁጥር ይጨምራል፤ ያለ እንቅስቃሴ መቆየት ግን ይቀንሰዋል። ስፖርት የሚሠሩ አረጋውያንም ከማይሠሩ እኩዮቻቸው የበለጠ ፓምፕ እንዳላቸው በጥናት ታይቷል። እንግዲያው ወላጆቻችንን «አርፋችሁ ተቀመጡ» ማለት ብቻውን እንክብካቤ አይሆንም። ሐኪም ካልከለከላቸው እንደ አቅማቸው እንዲንቀሳቀሱ እናግዛቸው፤ እኛም አብረናቸው እንነሣ።