የግቢ ውስጥ ሞተር ቅየራ የሚቆጥበው ምኑን ነው?

«ካርቱም ሁለት» በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የሚገኝ፣ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች የሚበዙበት ሰፈር ነው። መኪናውን አጥር ውስጥ አቁሞ፣ የደከመውን ሞተር አውርዶ ሌላ ለመትከል የሚያስብ ባለንብረት ቦታ አይቸግረውም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ከተማዋን በተዘረፉና ዕቃቸው በተፈታ መኪኖች ስለሞላት፣ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ሐሳቡ ይበልጥ ይማርካል። ይሁን እንጂ የሞተር ቅየራ ሦስት ወጪ አለው፤ የሞተሩ ዋጋ፣ የመካኒኩ እጅ እና የሞተሩ ወረቀት፣ ማለትም የባለቤትነት ማስረጃው። ቤት ውስጥ መሥራት የሚቀንሰው የመካኒኩን እጅ ብቻ ሲሆን፣ በእኛ አካባቢ ከሦስቱ የሚረክሰው ደግሞ እሱ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ያገለገለ ሞተር እንደ ልብ ይገኛል፤ ውዱ የመካኒኩ ሰዓት ስለሆነ በራስ እጅ መሥራት ያዋጣል። ሱዳን ውስጥ ግን ሞተር በዶላር ይመጣል፣ መካኒክ በፓውንድ ይከፈለዋል። ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. የቆየው የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ የመለዋወጫን መንገድ አርዝሞታል። አገሪቱ ያገለገሉ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏም ሕጋዊውን የሞተር ምንጭ አጥብቦታል። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይፋዊው የዶላር ዋጋ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ዘሏል። የሞተር ዋጋ እንዲህ ያለውን ዝላይ ወዲያው ይከተላል፤ የመካኒክ ደመወዝ ግን ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ከጠቅላላው ወጪ የእጅ ዋጋ ድርሻ እያነሰ ይሄዳል።

መካኒኩ የሚሸጠው ጉልበቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ቀላል በሆነ ነበር። የቶዮታ 2ኤል ናፍጣ ሞተር በነበረበት ቦታ 3ኤል መትከል ሁለቱ አንድ ዘር ስለሆኑ ብዙም አያስቸግርም። ቤንዚኑን በናፍጣ ለመተካት ሲፈለግ ግን የሞተር መቀመጫው፣ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩና የነዳጅ መስመሩ ሁሉ ይነካል። በኮምፒዩተር የሚመራ ሞተር ከሆነ ከነሽቦውና ከነመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ካልተገዛ አይነሳም። ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት ኮምፕሬሽኑን መለካት፣ ቴስታታው መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ማየት የልምድ ሥራ ነው። ይህን ዘሎ የእጅ ዋጋ የቆጠበ ሰው፣ ርካሹን አተርፋለሁ ብሎ ውዱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ጋራዦች ተዘርፈዋል፣ መካኒኮችም ተሰድደዋል፤ ታዲያ የእጅ ዋጋ አሁንም ርካሽ ነው ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለው። ሆኖም ጋራዡን የዘረፈው እጅ ማንሻውንና መፍቻውንም ስለወሰደ ቤቱ ለሚሠራውም መሣሪያ ይቸግረዋል፤ የሞተሩን ገበያም በተሰረቀ ዕቃ አጥለቅልቆታል። እያንዳንዱ ሞተር ቁጥር አለው። ባለቤቱ ነገ ቢመጣ ወይም ፖሊስ ቁጥሩን ቢያጣራ ገዢው ሞተሩንም ገንዘቡንም ያጣል። ርካሹ ሞተር የረከሰው ይህ አደጋ ዋጋው ውስጥ ስለገባ ነው። የተሰረቀ ዕቃ መሆኑ ደግሞ ከሒሳቡም በላይ የሕሊና ጥያቄ ነው።

ሥራ ፈትቶ ለተቀመጠ ሰው ጊዜው ምንም አያስወጣውም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ መፍታቱን፣ ማጠቡንና ማውረዱን በጥንቃቄ ቤቱ ቢሠራው ያተርፋል። ሞተሩን መምረጡንና መጨረሻ ላይ መግጠሙን ግን ለባለሙያ ቢከፍል ይሻለዋል።

ጉዳዩ የካርቱም ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ወስናለች። ሁለቱም ውሳኔዎች አሮጌ መኪና ረጅም ዕድሜ እንዲፈለግለት ያደርጋሉ፤ የአዲስ አበባውን የመለዋወጫ ገበያ፣ የሶማሌ ተራን ያገለገለ ሞተርም ያስወድዳሉ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር ደረሰኝ የሌለው ሞተር እዚህም ጣጣ ነው። ስለዚህ ውስን ገንዘብ ያለው ባለመኪና መጀመሪያ ለወረቀቱ፣ ቀጥሎ ለምርመራው ይክፈል፤ ቁጠባውን ከዚያ በኋላ ያስብ። መንግሥታትም የሞተር ቁጥር ከግዢ በፊት በቀላሉ የሚጣራበትን አሠራር ቢዘረጉ፣ ገዢውን ከኪሳራ ይታደጋሉ፤ ሌባውንም ገበያ ያሳጡታል።